«ጠንካራ»፣ «ከባድ»፣ «የሚያብረቀርቅ»፦ በከበሩ ድንጋዮች መለያ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

የማይታወቅ ድንጋይ ስም የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ መልኩን ዐይቶ ከዚህ ቀደም በሚታወቅ ስም መጥራት ነው። ሁለተኛው ድንጋዩን ጭሮ፣ መዝኖና በብርሃን መርምሮ፣ የተገኘውንም ልክ ከታወቁት ልኮች ጋር አስተያይቶ ስሙን በመጨረሻ መስጠት ነው። የአማርኛ የከበሩ ድንጋዮች ስያሜ ከሞላ ጎደል በአንደኛው መንገድ የተሰበሰበ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ዋናው የቋንቋችን ጉድለት የድንጋይ ስሞች ማነስ ሳይሆን ድንጋይ የሚለይባቸው የባሕርይ ቃላት እርስ በርስ መደበላለቅ መሆኑን ነው። ከዚህም ተነሥተን፣ የድንጋዩ ስም ከውጭ ቢወሰድ የማይጎዳ፣ የባሕርዩ ስም ግን ከቋንቋው ውስጥ ሊወጣ የሚገባው መሆኑን እናመለክታለን።

ጉዳዩን አሁን እንድናነሣ የሚያስገድድ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 (በ2000 ዓ.ም.) በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ የኦፓል ማዕድን ተገኘ። ኦፓሉ የሚገኘው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ በተነባበረው ዐለት ውስጥ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ንጣፍ ሲሆን፣ የሚወጣውም በገደሉ ፊት በእጅ እየተቆፈረ ነው። ከዚህ የተነሣ ድንጋይን የመለየት ሥራ በቤተ ሙከራ ብቻ የሚቀር መሆኑ አበቃ፤ ቆፋሪው፣ ደላላው፣ ሻጩና ገዢው በየዕለቱ በአማርኛ የሚያደርጉት ሆነ። ባንዲት ቃል ትርጉም መሳሳትም የድንጋይ ዋጋ፣ አንዳንድ ጊዜም ድንጋዩን ራሱን ማጣት ማለት ሆነ።

1. ስም ያላቸው፣ መለያ የሌላቸው

አማርኛ የከበሩ ድንጋዮችን ስሞች በብዛት የወረሰው ከቅዱሳት መጻሕፍት ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘጸአት የሊቀ ካህናቱን የደረት ኪስ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች፣ በዮሐንስ ራእይም የቅድስቲቱን ከተማ ዐሥራ ሁለት መሠረቶች ሲዘረዝር ኢያስጲድ፣ ሰንፔር፣ ኬልቄዶን፣ መረግድ፣ ሰርዶንክስ፣ ሰርድዮን፣ ቢረሌ፣ ያክንት፣ አሜቴስጢኖስ የመሳሰሉትን ስሞች ይጠቅሳል። ስሞቹ በአብዛኛው ከግሪክ የመጡ ናቸው። አልማዝና በሉር ደግሞ ከዐረብኛ ጋር የሚጋሯቸው ናቸው። ለትርጉም ሥራ እነዚህ ስሞች ትልቅ ሀብት መሆናቸውን አንክድም። ሒሳችን የሚነሣው ስሞቹ ያለ አንዳች መለያ ወደ ዘመናዊ መዝገበ ቃላትና ወደ ሳይንስ ጽሑፍ ሲሻገሩ ነው።

ሰንፔርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው ሰማያዊ ኮረንደም፣ በሞስ ሚዛን 9ኛ ተራ ላይ የሚገኝ፣ ከውኃ አራት እጥፍ የሚከብድ ድንጋይ ነው። የጥንት ጸሐፍት ሰንፔር ያሉት ግን ወርቅ የመሰለ ነጠብጣብ ያለበትን፣ ዛሬ ላፒስ ላዙሊ የሚባለውን ሰማያዊ ድንጋይ እንደ ነበረ ሊቃውንት በሰፊው ይስማማሉ። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 28 ሰንፔር ከወርቅ ብናኝ ጋር አብሮ መጠቀሱ ለዚህ የተስማማ ነው። ቶጳዝዮንም እንዲሁ ነው። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ከቀይ ባሕር ደሴት ይወጣል ያለው አረንጓዴ ቶጳዝዮን ዛሬ ፔሪዶት የሚባለው ድንጋይ እንጂ ዛሬ ቶጳዝ የምንለው አይደለም። ከዚህም በላይ ግሪኩ ባንድ ቃል የሚጠራውን ድንጋይ ያው የአማርኛ መጽሐፍ በዘጸአት ቶጳዝዮን፣ በራእይ ወራውሬ ይለዋል። ተርጓሚ እነዚህን ሁለት ድንጋዮች አድርጎ ቢወስዳቸው የሚያርመው መዝገበ ቃላት ያስፈልገዋል።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ። በራእይ ከተዘረዘሩት ዐሥራ ሁለት ስሞች ስድስቱ፣ ማለትም ኢያስጲድ፣ ኬልቄዶን፣ ሰርዶንክስ፣ ሰርድዮን፣ ክርስጵራስስና አሜቴስጢኖስ፣ ዛሬ በሚሰጣቸው ትርጉም ሁሉም የኳርትዝ ዓይነቶች ናቸው። የሚለያያቸው ቀለምና የውስጥ አቀማመጥ ነው፤ የሚጭራቸው፣ የሚመዝናቸው ሰው ግን በጣም የተቀራረበ ልክ ያገኝባቸዋል። መረግድም የቢረሌ አንዱ ዓይነት፣ ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም አረንጓዴ ያደረገው ቢረሌ ነው። በሉርና ቢረሌ ደግሞ በሥርወ ቃል ከአንድ የግሪክ ምንጭ በተለያየ መንገድ የመጡ ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ ዛሬ ግን አንዱ ለጥሩው ኳርትዝ፣ ሌላው ለሌላ ማዕድን ተሰጥተዋል። እንግዲህ በስም ብዛት የማዕድን ብዛት አይታወቅም፤ በስም አንድነትም የማዕድን አንድነት አይታወቅም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ዘጸአት በፊተኛው ተራ «የሚያብረቀርቅ ዕንቍ» ብሎ ያሰፈረው ነው። ይህ ስም ሳይሆን የብዙ ድንጋዮች የወል ጠባይ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ የሚገኘው «ቀይ ዕንቍ»ም እንደዚሁ ነው። ሩቢ፣ ስፒኔልና ጋርኔት ሁሉም ቀይ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። በእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ ላይ ያለው «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» የተባለው ታላቅ ድንጋይ ለብዙ መቶ ዓመታት በቀለሙ ሩቢ ሲባል የኖረ ስፒኔል ነው። ቀለም የመጀመሪያው ምልክት እንጂ የመጨረሻው ማስረጃ አይደለም።

«ዕንቍ» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ ለከበረ ድንጋይ በጠቅላላው፣ እንዲሁም ከባሕር ለሚገኘው ሉል ያገለግላል። በግእዝ ሉልን «ባሕርይ» ማለት የተለመደ ነው። ያው ቃል የአንድን ነገር ጠባይና ህላዌ ያመለክታል፤ በአማርኛም የጸናው ይኸኛው ፍች ነው። ለኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ዕንቍ የሚለየው በባሕርዩ ነውና። ስለዚህ «ዕንቍ» ለወል ስም፣ «ሉል» ለባሕሩ ዕንቍ፣ «ባሕርይ» ለሚለካው ጠባይ ቢወሰኑ ሦስቱም ቃላት ሥራ ያገኛሉ።

2. «ጠንካራ» ሲባል

የድንጋይ መለያ ከሆኑት ባሕርያት የመጀመሪያው አንዱ ድንጋይ ሌላውን መጫር መቻሉ ነው። ፍሪድሪኽ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ዐሥር ማዕድናትን ከታልክ እስከ አልማዝ በዚህ ችሎታቸው በተራ አስቀመጣቸው። ይህን ባሕርይ በአማርኛ «ጥንካሬ» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን «ጠንካራ» ማለት በአማርኛ ሰሚ ዘንድ የማይጫር ብቻ ሳይሆን የማይሰበር፣ የማይፈረካከስ፣ ምትን የሚችል ማለትም ነው። ድንጋይ ሁለቱን ባሕርያት አንድ ላይ እንዲይዝ የሚያስገድደው ነገር የለም።

አልማዝ ማንም ድንጋይ አይጭረውም፤ በመዶሻ ቢመታ ግን በተፈጥሮው መሰንጠቂያ ገጽ ሊከፈል ይችላል። ነፍራይት የተባለው አረንጓዴ ድንጋይ በኳርትዝ ይጫራል፤ ለመስበር ግን ከአልማዝ ይልቅ እጅግ አዳጋች ነው። የደላንታው ኦፓል ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይሰጠናል። በሞስ ተራ ከ5 እስከ 6.5 ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ ኳርትዝ ይጭረዋል፤ የቤት አቧራም ውስጥ ኳርትዝ ስላለ ወለል ወለሉን በጊዜ ብዛት ሊያደበዝዘው ይችላል። እንዲያም ሆኖ፣ የመረመሩት ባለሙያዎች ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጥለውት ጉዳት እንዳልታየበት መዝግበዋል። ይህ ድንጋይ «ጠንካራ ነው» ወይስ «ጠንካራ አይደለም»? ባሁኑ አማርኛ ሁለቱም እውነት፣ ሁለቱም ሐሰት ነው።

መደበላለቁ የአማርኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፕሊኒ ዕውነተኛ አልማዝ በመስፍ ላይ ቢመታ መዶሻውን ይሰብራል ብሎ ጽፎ ነበር። ይህን አምኖ አልማዙን በመዶሻ የፈተነ ሰው የሚያገኘው የአልማዝ ስብርባሪ ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ከዚህ የዳኑት ሁለቱን ባሕርያት በሁለት ቃላት ለይተው በመወሰናቸው ነው። እኛም የምንወስድበት ቦታ ሩቅ አይደለም። የእርሻ ባለሙያና ገበሬ «ድርቅ ቻይ ዘር» ሲሉ ያለ ማብራሪያ ይግባባሉ። በዚሁ አረባብ «ጭረት ቻይነት»ን ለመጀመሪያው፣ «ምት ቻይነት»ን ለሁለተኛው ብንሰጥ ቃሉ ራሱ ፈተናውን ይናገራል፤ አንዱ በመጫር፣ ሌላው በመምታት የሚታወቅ መሆኑን ማንም ይረዳል። «ጥንካሬ» ግን ለዕለት ተዕለት ንግግር ይቅር፤ የሙያ ቃል ሆኖ አይግባ።

ከዚሁ ጋር አንድ ነጥብ መታከል አለበት። የሞስ ቁጥር ተራ እንጂ መጠን አይደለም። አልማዝ 10ኛ፣ ኮረንደም 9ኛ ተራ ላይ ቢሆኑም፣ በመሣሪያ ሲለካ አልማዝ ከኮረንደም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «የጥንካሬ መጠኑ 7» የሚለው አጻጻፍ ሁለት ስሕተት ይሸከማል፤ «በጭረት ቻይነት 7ኛ ተራ» ማለት ሁለቱንም ያርማል።

3. «ከባድ» ሲባል

ሁለተኛው መለያ የድንጋዩ ክብደት ከእኩል ይዘት ውኃ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ነው። ይህን ለማግኘት ድንጋዩን በአየር ከዚያም በውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ መዝኖ፣ የአየሩን ክብደት ለሁለቱ ልዩነት ማካፈል ይበቃል። በአየር 5.30 ግራም፣ በውኃ ውስጥ 3.30 ግራም የመዘነ ድንጋይ ልዩነቱ 2.00 ስለ ሆነ ውጤቱ 2.65 ነው፤ ይኸውም የኳርትዝ ልክ ነው። ይህን «ክብደት» ማለት ግን ትልቁን ድንጋይ ከትንሹ ጋር እንደማወዳደር ይቈጠራል። የትምህርት መጻሕፍት «እፍጋት» የሚለውን ቃል አስለምደዋል፤ ስለዚህ «አንጻራዊ እፍጋት» የሚለው ሐረግ በቂና ግልጽ ነው። የመለኪያ ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ መሆኑንም «አንጻራዊ» የሚለው ያስታውሳል።

ደላንታ እዚህም ላይ መዝገበ ቃላችንን ይፈትነዋል። የወገል ጤናው ኦፓል ውኃ ይመጥጣል። አገሬው «መሬቱ ውኃ ጠጣ» እንደሚለው፣ ይህም ድንጋይ ውኃ ይጠጣል። ደረቅ ሳለ አንጻራዊ እፍጋቱ ከ1.74 እስከ 1.89 ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ውኃ ውስጥ ሲቈይ ግን አንዳንዱ እስከ 10 በመቶ ያህል ክብደት ይጨምራል፤ እፍጋቱም ወደ 2.00 ይጠጋል። ድንጋዩን ለመለየት የሚደረገው ልኬት ራሱ ድንጋዩን ይለውጠዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ የረጠበው ድንጋይ ጥርት ብሎ ቀለሙ ሊጠፋ ይችላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ገዢ ባንድ ቀን ሁለት ድንጋይ ያየ ይመስለዋል፤ በክብደት የሚገዛም ለውኃ ዋጋ ይከፍላል።

ለዚህ ባሕርይ የውጭው ስም ከግሪክ «ውኃ» እና «መታየት» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው። ቃሉን ሳይተረጉሙ «ሃይድሮፌን» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ለቆፋሪው ምንም አይነግረውም። «ውኃ ጠጪ ኦፓል» ግን ማስጠንቀቂያውን በስሙ ውስጥ ይዟል። ከውኃም ሌላ ዘይትና ቀለም ያለው ፈሳሽ ሊጠጣ እንደሚችል ከስሙ መገመት ይቻላል። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት የሚሰፈረው የእፍጋት ልክ «ደረቅ ሳለ» የሚል ማሳሰቢያ ሊኖረው ይገባል።

«ካራት» የሚለውም ቃል መታረም ያለበት ነው። ለከበረ ድንጋይ ካራት የክብደት መለኪያ፣ 0.2 ግራም ነው። ለወርቅ ግን የጥራት ልክ፣ ከ24 እጅ ንጹሑ ስንት እጅ መሆኑን የሚያመለክት ነው። የ18 ካራት ወርቅ ሦስት አራተኛው ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 18 ካራት የሚመዝን ኦፓል ግን 3.6 ግራም ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ባንድ ፍች ሥር ማጠቃለል የለበትም፤ ካራት 1 እና ካራት 2 ብሎ መለየት ግዴታው ነው።

4. «የሚያብረቀርቅ» ሲባል

ብርሃን ከድንጋይ ጋር ሲገናኝ ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ነገሮች ይሆናሉ። ከወለሉ ይመለሳል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ እንደ ቀስተ ደመና ወደ ቀለማቱ ይበተናል፤ በኦፓል ውስጥም በጥቃቅን ሉላዊ የሲሊካ ቅንጣቶች መካከል አልፎ ድንጋዩ በተዟዟረ ቍጥር የሚለዋወጥ ቀለም ይሰጣል። ይህ የመጨረሻው ምስጢር የታወቀው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በአማርኛ ግን ለአራቱም «ያብረቀርቃል»፣ «ያንጸባርቃል»፣ «ይብለጨለጫል» የሚሉት ግሦች እንዳመቸ ይገባሉ።

ለወለሉ ብርሃን «ወዝ» ከሚለው የተሻለ ቃል አናገኝም። የመስታወት ወዝ፣ የሰም ወዝ፣ የሙጫ ወዝ፣ የሉል ወዝ ብንል አንባቢ ልዩነቱን በዐይኑ ያየዋል። ለአቅጣጫው መለወጥ የፊዚክስ መጻሕፍት «ስብረት» ይላሉ፤ ልኩም «የስብረት ልክ» ሊባል ይችላል። ይህ ልክ የአልማዝ 2.42፣ የኳርትዝ 1.54 አካባቢ፣ የወገል ጤናው ኦፓል ደግሞ ከ1.36 እስከ 1.43 ነው። ለቀለማቱ መበተን «ብተና» ይበቃል። «እሳት» ማለቱ ግን የውጭ ነጋዴ ዘይቤ በቀጥታ የተገለበጠበት ስለ ሆነ፣ እሳት ያየ ድንጋይ ለማለትም ስለሚያሳስት አንደግፈውም።

ለኦፓሉ ተለዋዋጭ ቀለም «የቀለም ጨዋታ» የሚል ትርጉም ሲሠራበት ይታያል። ይህም ቃል በቃል የተላለፈ ነው፤ በአማርኛ ቀለም አይጫወትም። ሆኖም አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ እርሱም «ኅብር» ነው። በቅኔ ኅብር የሚባለው አንድ ቃል እንደ አሰማሙ ሁለት ፍች ሲሰጥ ነው፤ ኦፓልም አንድ ሆኖ ሳለ እንደ አያያዙ የተለያየ ቀለም ይሰጣል። «ኅብራም ኦፓል» እና «ኅብር የለሽ ኦፓል» ብለን ብንለያይ፣ ዋጋውን በዋናነት የሚወስነው ልዩነት ባንድ ቃል ይገለጻል። ከኅብሩ በታች ያለውን የድንጋዩን ዋና ቀለም ደግሞ ሸማኔና ልብስ ሰፊ እንደሚሉት «መደብ» ማለት ይቻላል፤ መደቡ ነጭ፣ ኅብሩ ቀይና አረንጓዴ፣ እያልን እንጽፋለን።

5. የገራዶው ድንጋይ

ያቀረብናቸው ቃላት ሥራ ይሠሩ እንደ ሆነ በምሳሌ እንፈትን። ገራዶ ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ ከጦሳ ማዶ ያለ ረባዳ የእርሻ አገር ነው። በኦፓል የታወቀ ቦታ ስላይደለ ለፈተናው መርጠነዋል፤ ዝና ያለው ቦታ ለድንጋዩ አስቀድሞ ስም ይሰጠዋልና። የደላንታ ወሬ በደቡብ ወሎ ከተሰማ ወዲህ በማሳው ነጭ፣ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ድንጋይ ያገኘ ገበሬ «ኦፓል ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም። በመልኩ ብቻ ከሆነ ካልሳይት፣ ኬልቄዶን፣ ኅብር የለሽ ኦፓል ወይም ተንከባሎ ወለሉ የደበዘዘ የጠርሙስ ስባሪ ሊሆን ይችላል።

በቢላዋ ጫፍ ይጫር። በቀላሉ ከተጫረና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው፤ በጭረት ቻይነት 3ኛ ተራ ነውና። ቢላዋው ሳይጭረው ቀርቶ እርሱ መስታወትን በግልጽ ከጫረ ወደ ኬልቄዶን፣ ማለትም ወደ 7ኛው ተራ አካባቢ እንሄዳለን። ኦፓልንና ጠርሙስን ግን ጭረት አይለያቸውም፤ ሁለቱም ከ5 እስከ 6.5 ባለው ዙሪያ ናቸው። ይመዘን እንግዲህ፤ የተለመደው ጠርሙስ አንጻራዊ እፍጋቱ 2.5 ገደማ፣ ኦፓል ግን ባመዛኙ 2.2 ወይም ከዚያ በታች ነው። ሚዛን ደግሞ በተራው ካልሳይትን ከኳርትዝ ለመለየት ደካማ ነው፤ አንዱ 2.71፣ ሌላው 2.65 ነውና፣ የሱቅ ሚዛን ይህን ልዩነት ላይሰጥ ይችላል። እዚያ ላይ የሚፈርደው ጭረት ነው። የስብረት ልክ የሚለካበት መሣሪያ ያለው ሰው አራቱንም በተሻለ እርግጠኝነት ይለያል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚፈልገው ፈሳሽ በውኃ ጠጪ ኦፓል ውስጥ ሊሰርግ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

ከዚህ የምንማረው፣ አንዱ ባሕርይ በሚደክምበት ቦታ ሌላው እንደሚበረታ ነው። የመለየት ጥበብ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። አሁን ይህንኑ ትእዛዝ በተለመደው አማርኛ እንጻፈው፦ «ድንጋዩ ጠንካራ፣ ከባድና የሚያብረቀርቅ መሆኑን ተመልከት።» ገበሬው ጠንካራነቱን ለማየት በመዶሻ ይመታዋል፤ ክብደቱን ለማወቅ በመዳፉ ያነሣዋል፤ ብርሃኑን ለማየት ውኃ ውስጥ ነክሮ ያጥበዋል። በመጀመሪያው ድንጋዩን ሊሰብረው፣ በሁለተኛው ምንም ላያውቅ፣ በሦስተኛው ኦፓል ከሆነ ኅብሩን ሊያጠፋበት ይችላል። ስሕተቱ የገበሬው ሳይሆን የቃላቱ ነው።

6. «እውነተኛ» እና «ፎርጅድ»

የገበያው ቋንቋ ድንጋይን እውነተኛና ፎርጅድ ብሎ በሁለት ይከፍላል። ይህ ክፍፍል አይበቃም፤ ቢያንስ አራት ስሞች ያስፈልጋሉ። በተፈጥሮ ተገኝቶ ከመቈረጥና ከመወልወል በቀር ያልተነካ «ተፈጥሯዊ» ነው። በፋብሪካ የተሠራ፣ ነገር ግን ውስጠ ባሕርዩ ከተፈጥሯዊው ጋር የተቀራረበ «ሰው ሠራሽ» ነው፤ ሰው ሠራሽ ኦፓል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በገበያ ላይ ይገኛል። በመልኩ ብቻ የሚመስል ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ «አስመሳይ» ነው። አራተኛው፣ ድንጋዩ ተፈጥሯዊ ሆኖ ቀለሙ በሰው እጅ የተለወጠው ነው።

ለአራተኛው «የታከመ» የሚል ትርጉም ሲሰጥ እናያለን። ድንጋይ ግን አልታመመም፤ ቃሉም የተደረገበትን አይናገርም። የደላንታ ኦፓል ፈሳሽ ስለሚጠጣ ቀለም ይነከራል፤ በጢስም ጠቁሮ ውድ ከሆነው ጥቁር ኦፓል ጋር እንዲመሳሰል ይደረጋል። ለመጀመሪያው «ቀለም የተነከረ»፣ ለሁለተኛው «የታጠነ» ማለት ይበቃል። የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ በሚታጠንበት አገር «የታጠነ ኦፓል» የሚለው ስም ማብራሪያ አያሻውም። ሻጭ ይህን ቃል ሳይሸሽግ ከጻፈ ያታለለው ሰው የለም፤ ማታለሉ ያለው ቃሉን በመተው ነው።

የስም ጥቅል መሆንም ጉዳት አለው። ከደላንታው በፊት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሰሜን ሸዋ በመዘዞ አካባቢ ቡናማ መደብ ያለው ኦፓል ተገኝቶ ነበር፤ ከርሱም ብዙው ከተቈረጠ በኋላ እየተሰነጣጠቀ ስሙ ተበላሸ። ሁለቱም «የኢትዮጵያ ኦፓል» ስለ ተባሉ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሁለተኛውን ተከትሎት ሄደ። ስለዚህ የቦታ ስም ከድንጋዩ ስም ጋር መመዝገቡ ለማሳመር ሳይሆን ለመለየት ነው።

7. ለሚነሡ ተቃውሞዎች መልስ

«ለምን የውጭዎቹን ቃላት እንዳሉ አንወስድም?» የሚል ቢኖር፣ የድንጋዮቹን ስሞች በተመለከተ እንስማማለን። ኦፓል፣ ስፒኔል፣ ጋርኔት፣ ፔሪዶት የሚሉትን በግእዝ ቃላት ለመተካት መድከም አያስፈልግም፤ የድንጋይ ስም ምልክት ብቻ ነውና፣ በዓለም ሁሉ አንድ ቢሆን ይጠቅማል። የባሕርይ ስም ግን መሣሪያ ነው፤ የያዘው ሰው እንዲሠራበት ስለሚፈለግ ከቋንቋው ውስጥ መውጣት አለበት። የማዕድኑ የመጀመሪያ መርማሪ በገደሉ አፍ ላይ ያለው ቆፋሪ መሆኑን መርሳት አይገባም።

«የመጽሐፍ ቅዱሱን ስሞች ልትለውጡ ነው ወይ?» የሚልም ሊኖር ይችላል። አይደለም፤ ስሞቹ በቦታቸው የጸኑ ናቸው። የምንጠይቀው መዝገበ ቃላት የቅዱሳት መጻሕፍቱን ፍችና የማዕድን ጥናቱን ፍች በቁጥር ለይቶ እንዲያሰፍር ነው። ይህ ዛሬ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኮስማስ ኢትዮጵያውያን መረግድን ከብሌምዬስ ሰዎች ገዝተው ወደ ህንድ ይወስዱ እንደ ነበር ጽፏል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን መረግድ በራሷ በኢትዮጵያ፣ በሻኪሶ አካባቢ፣ ሰንፔርም በትግራይ እየወጡ ለዓለም ገበያ ቀርበዋል። በንባብ ብቻ እናውቃቸው የነበሩት ስሞች በእጅ የሚያዝ ድንጋይ አግኝተዋል፤ «የከበረ ድንጋይ ዓይነት» ብሎ ብቻ መፍታት ከእንግዲህ አያዋጣም።

ለአብነት አንድ ፍች እናቀርባለን። ኦፓል፦ ስም፤ ውኃ ያዘለ ሲሊካ የሆነ የከበረ ድንጋይ፤ ጭረት ቻይነቱ ከ5 እስከ 6.5 ተራ፤ አንጻራዊ እፍጋቱ ደረቅ ሳለ ባመዛኙ ከ1.7 እስከ 2.2፤ የስብረት ልኩ ባመዛኙ ከ1.36 እስከ 1.47፤ ወዙ የመስታወት ወይም የሰም፤ መደቡ ልዩ ልዩ፤ ኅብራም ወይም ኅብር የለሽ፤ አንዳንዱ፣ ለምሳሌ የደላንታው፣ ውኃ ጠጪ።

ይህ ፍች ረጅም ነው የሚል አርታኢ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን አንዲቱም ቃል ብትወጣ ድንጋዩ ከጎረቤቱ ጋር ይደባለቃል። ተርጓሚዎች እነዚህን ስምንት ቃላት፣ ማለትም ጭረት ቻይነትን፣ ምት ቻይነትን፣ አንጻራዊ እፍጋትን፣ ወዝን፣ የስብረት ልክን፣ ብተናን፣ መደብንና ኅብርን፣ በሥራቸው እንዲፈትኗቸው እናሳስባለን። የማይመች ሆኖ የተገኘው በተሻለ ይተካ፤ ሁለት ባሕርያትን ባንድ ቃል የመጥራቱ ልማድ ግን ይቅር።